ዋር ኢን ዘ ፓሲፊክ፦ የካሪየር ውጊያው እውነት ይመስላል ወይ?

ይሄን ጌም፣ አሜሪካና ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓሲፊክ ላይ የተዋጉትን የሚያጫውተውን የኮምፒዩተር ጌም፣ ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ አለፈኝ። እስካሁን ስለሱ ያልጻፍኩት ጨርሼው ልጻፍ ብዬ ነበር፣ ግን ይሄ ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አንዱ ተርን የጦርነቱ አንድ ቀን ነው፣ ጃፓን በዲሴምበር 1941 አሜሪካን ከመታችበት ከፐርል ሃርበር ተነስተህ ጃፓን እጅ እስክትሰጥ ልሂድ ካልክ ከ1,300 ተርን በላይ ነው፣ እኛ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ እየተጫወትን ገና በፈረንጅ ሜይ 1942 ላይ ነን። ስለዚ ያየሁትን ያህል ልናገር፣ በተለይ ስለ ካሪየር (አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ) ውጊያው፣ ምክንያቱም ጌሙን የፈለግኩትም ለሱ ብዬ ነው።

ሙሉ ስሙ ዋር ኢን ዘ ፓሲፊክ አድሚራልስ ኤዲሽን ነው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009። ግራፊክስ የሚፈልግ ሰው ከአሁኑ ይለፈው፣ ጠፍጣፋ ማፕ ነው፣ ማፑ ባለ ስድስት ጎን ቤቶች ተከፋፍሏል፣ አንዷ ቤት 40 ኖቲካል ማይል ናት፣ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ በተኑ ብዙ ነው፣ ማኑዋሉ ወፍራም መጽሐፍ ያክላል። በሌላ በኩል ግን የኔ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፣ አዳዲሶቹን ጌሞች ጭራሽ አይከፍታቸውም፣ ይሄን ግን ያለምንም ችግር ያስኬደዋል፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። አሜሪካ ያለ ዘመዴ ነው በስጦታ ገዝቶ የላከልኝ።

የምጫወተው ከጓደኛዬ ጋር ነው፣ እሱ ጃፓንን ይዟል፣ እኔ አሜሪካና አጋሮቿን። ሁለታችንም ጎንደር ነን፣ እሱ አዘዞ ነው የሚኖረው፣ እኔ ፒያሳ አካባቢ። ተርኑ ፋይል ነው፣ ኔትዎርክ ሲኖር በቴሌግራም እንላላካለን፣ ሳይኖር ደግሞ ፍላሽ እናቀባበላለን፣ ቀይ ክር የታሰረባት አንዲት ፍላሽ አለች፣ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት እናስቀምጣትና ያለፈ ያገደመው ይወስዳታል። አሠራሩ ደግሞ እንዲህ ነው፣ የሁለታችንም ትዕዛዝ ከገባ በኋላ ቀኑን የሚያስኬደው የጃፓኑ ተጫዋች ስለሆነ ውጤቱን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ስለዚ ፍላሿን ራሱ ይዞ መጥቶ በእጄ ከሰጠኝና ሻይ አዝዞ ዝም ብሎ ከተቀመጠ አንድ ነገር ሰጥሟል ማለት ነው፣ የማን እንደሆነ ግን ፊቱ አይናገርም።

አሁን ወደ ካሪየሩ። በሌሎች ጌሞች የለመድነው አውሮፕላኑን ክሊክ፣ የጠላትን መርከብ ክሊክ፣ ሄዶ ይመታል፣ አለቀ። ወይ ደግሞ እንደ ኸርትስ ኦፍ አይረን 4 ሁሉም በቁጥር ይሰላል፣ እዛ ካሪየሮችህ ከ4 ሲበልጡ አውሮፕላኖቹ ላይ ቅጣት አለው፣ በቃ ከ4 አታብዛ ብለህ ትይዘዋለህ፣ ለምን እንደሆነ ጌሙ አይነግርህም። ይሄኛው ግን አድሚራሉ ወንበር ላይ ነው የሚያስቀምጥህ፣ አብራሪው ወንበር ላይ አይደለም። ማታ ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ቡድን ሥራውን ትሰጠዋለህ፣ መርከብ ማጥቃት ነው፣ ቅኝት ነው፣ አጃቢነት ነው፣ ከመቶ ስንቱ ካሪየሩ ላይ እያንዣበበ ይጠብቅ፣ ስንቱ ይረፍ፣ በምን ከፍታ ይብረር፣ እስከ ምን ርቀት ድረስ ይሂድ፣ እዚህ ድረስ ያንተ ነው። ሲነጋ ግን እጅህ የለበትም። ይቺን መርከብ ምቱ፣ ያቺን ተዉ ማለት አትችልም። ቃኚው ያየውን ያያል፣ የቡድኑ አለቃ ይወስናል፣ ይነሳሉ ወይ አይነሱም፣ አንተ ሪፕሌዩን ቁጭ ብለህ ታያለህ።

መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር አናድዶኝ ነበር። ጃንዋሪ 1942 ላይ ቃኚዬ ሁለት የጃፓን ካሪየር አይቻለሁ ብሎ ሪፖርት አደረገ፣ ደስ ብሎኝ ተነስቼ ቆሜያለሁ፣ ኢንተርፕራይዝ ከምትባለው ካሪየሬ የተነሱት ዶንትለሶች (ዳይቭ ቦምበሮች፣ ቁልቁል ወርደው ቦምብ የሚጥሉ አውሮፕላኖች) በሙሉ ወደዛ ሄዱ፣ ሲደርሱ አንድ ነዳጅ ጫኝ መርከብና ሁለት ዲስትሮየር (አነስ ያለ አጃቢ የጦር መርከብ) ነው የጠበቃቸው። አሰጠሟቸው፣ ግን ቀኑ አለቀ፣ እውነተኞቹ ካሪየሮች ሌላ ቦታ ነበሩ። ጌሙ አጭበረበረኝ ብዬ ለጓደኛዬ በቴሌግራም ረጅም ነገር ጻፍኩለት። እሱ ደግሞ ኮራል ሲ ላይ፣ አውስትራሊያ አጠገብ ባለው ባሕር፣ የሆነውን አንብብ ብሎ ብቻ መለሰልኝ፣ አነበብኩ፣ እውነትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 7 1942 የጃፓን ቃኚዎች ካሪየርና ክሩዘር (ከዲስትሮየር የሚተልቅ የጦር መርከብ) አግኝተናል አሉ፣ አውሮፕላኖቹ ግር ብለው ሄዱ፣ ያገኙት ግን ኒዮሾ የምትባል ነዳጅ ጫኝና ሲምስ የምትባል ዲስትሮየር ነበር። ሲምስን አሰጠሟት፣ ኒዮሾን እንዳትሆን አደረጓት፣ የአሜሪካ ካሪየሮች ግን በዛ ሰዓት ሌላ ጋ ነበሩ። የዛኑ ዕለት ማታ ደግሞ ጨለማ ውስጥ መንገድ የጠፋባቸው የጃፓን አብራሪዎች የአሜሪካዋን ካሪየር ዮርክታውንን የራሳቸው ካሪየር መስላቸው ሊያርፉባት ዞረዋል። እንዲህ አይነቱን ነገር ጌም ላይ ብታየው ባግ ነው ትል ነበር።

እኛ ጎንደሮች ትልቅ ውሃ ካልን ጣና ነው። ጎርጎራ ወርዶ ዳር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ይገባዋል፣ ሩቅ ላይ ጥቁር ነገር ይታይሃል፣ ታንኳ ነው ትላለህ፣ ሲቀርብ ሞተር ጀልባ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ወፎች ይሆኑና ብር ብለው ይነሳሉ። ይሄ እንግዲህ እግርህ መሬት ላይ ሆኖ፣ ጊዜ ኖሮህ፣ ማንም ሳይተኩስብህ ነው። ያ ቃኚ አብራሪ ግን ከሦስት ሺህ ሜትር ላይ በደመና ቀዳዳ አጮልቆ፣ ነዳጁን እያሰላ፣ ፋይተር (ተዋጊ አውሮፕላን) ይመጣብኛል እያለ ነው ካሪየር ነው አይደለም የሚለው። ደመናውንም ጌሙ አልረሳውም፣ አየሩ ሲበላሽ ቃኚ አያይም፣ የተነሳውም ዒላማውን ሳያገኝ ይመለሳል። ጓደኛዬ አዘዞ ኤርፖርቱ አጠገብ ስለሆነ ክረምት ላይ ደመናው ዝቅ ሲል የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰምቶ አውሮፕላኑን አያየውም፣ እና ጌሙ ውስጥ ዝናብ ሲሆን እሱ ካሪየሮቹን ዝናቡ ስር ነው የሚያስገባቸው፣ ሁለት ጊዜ እንደዛ አምልጦኛል።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ቅንጅት የሚባለውን ነገር ነው፣ የተነሱት አውሮፕላኖች አንድ ላይ መድረሳቸውን ማለት ነው፣ እሱን የተማርኩት ሌክሲንግተን የምትባል ካሪየሬን ከፍዬ ነው። ማርች ላይ ኢንተርፕራይዝን፣ ሌክሲንግተንንና ዮርክታውንን አንድ ታስክ ፎርስ (አብሮ የሚጓዝ የመርከብ ቡድን) ውስጥ ሰበሰብኳቸው፣ ከ200 በላይ አውሮፕላን፣ እሱ ጋ ሾካኩና ዙይካኩ የሚባሉ ሁለት ካሪየሮች ብቻ ነበሩ፣ ሦስት ለሁለት ነን ብዬ ልቤ ሞልቶ ነበር። ማታ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ 14 ፐርሰንት ላይ ነው፣ ስክሪኑን ብርሃን ቀንሼ ሪፕሌዩን ከፈትኩት። መጀመሪያ የደረሱት ዴቫስቴተሮቹ ናቸው፣ ቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) የሚጥሉት አውሮፕላኖች፣ ብቻቸውን፣ አጃቢ ፋይተር የላቸውም፣ የሱ ፋይተሮች ዜሮዎቹ አንድ በአንድ ለቀሟቸው፣ አንድም ቶርፒዶ አልመታም። ከነሱ ኋላ የኔ ፋይተሮች ዋይልድካቶቹ ደረሱ፣ የሚያጅቡት ነገር የለም። ዶንትለሶቹ ደግሞ ከዛ በኋላ፣ ግማሾቹ፣ ግማሾቹ ዒላማውን ሳያገኙ ተመልሰዋል፣ ሾካኩን በአንድ ቦምብ መቱና አለቀ። የሱ ግን ቶርፒዶውም ዳይቭ ቦምበሩም አንድ ላይ ነው የመጣው፣ ሌክሲንግተን ሁለት ቶርፒዶ ቀመሰች።

ምን ሆኖ ነው ብዬ ማኑዋሉን ሳገላብጥ፣ ለካ በ1942 የአሜሪካ ታስክ ፎርስ ውስጥ አውሮፕላኑ ከመቶ ምናምን እስከ 200 ካለው ገደብ ሲያልፍ (ገደቡ እንደ ዕጣ ይለያያል) ጥቃቱ ተበታትኖ የመሄድ ዕድሉ እጥፍ ይሆናል። ገደቡ በ1943 ከፍ ይላል፣ በ1944 ደግሞ የበለጠ። ይሄ ዝም ብሎ የተቀመጠ ቁጥር አይደለም፣ አሜሪካኖቹ መጀመሪያ ላይ የብዙ ካሪየር አውሮፕላን አሰባስቦ አንድ ላይ መላክ አልቻሉበትም ነበር፣ ጃፓኖቹ ግን ከፐርል ሃርበር በፊት ጀምሮ የለመዱት ነው። ጁን 1942 ሚድዌይ ደሴት አጠገብ በተደረገው ውጊያም ያው ነው የሆነው፣ ከአሜሪካዋ ካሪየር ከሆርኔት የተነሱት 15 ዴቫስቴተሮች ብቻቸውን ደርሰው 15ቱም ወደቁ፣ ከ30 ሰው አንድ ብቻ ተረፈ፣ የሆርኔት ዳይቭ ቦምበሮች ደግሞ የጃፓንን ካሪየሮች ጭራሽ አላገኟቸውም። ኸርትስ ኦፍ አይረን ቁጥር ብቻ የሚሰጥህን ነገር ይሄ ጌም ከምክንያቱ ጋር ነው የሚሰጥህ፣ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። ከዛን ቀን ወዲህ ካሪየሮቼን አንድ አንድ አድርጌ በየራሳቸው ታስክ ፎርስ ነው የማስኬዳቸው፣ ጎን ለጎን።

ሌክሲንግተን ደግሞ ወዲያው አልሰጠመችም። ቶርፒዶው ከመታት በኋላ ጉዳቷን ሳየው ውሃው ብዙ አይደለም፣ ሞተሯ ይሠራል፣ እሳት ግን አለ። በቃ ትደርሳለች ብዬ ወደ ሲድኒ አዞርኳት፣ በሚቀጥለው ተርን እሳቱ ጨመረ፣ ሌሊቱን የነዳጅ ማከማቻ ፈነዳ የሚል መስመር መጣ፣ ጠዋት የለችም። እውነተኛዋ ሌክሲንግተንም ሜይ 8 1942 ኮራል ሲ ላይ እንደዛው ነው የሆነችው፣ ተመትታ ሳታጋድል እየሄደች አውሮፕላን እየተቀበለች ነበር፣ የአውሮፕላን ቤንዚን ትነት ውስጧ ተጠራቅሞ ፈነዳ፣ ማታ ላይ የራሷ ወገን ዲስትሮየር በቶርፒዶ አሰጠማት። እንዲህ ሁን ብሎ ያዘዘው ስክሪፕት የለም፣ ጉዳቱን፣ ውሃውን፣ ሞተሩንና እሳቱን ለየብቻ ስለሚቆጥር በራሱ እዛ ደረሰ። እውነት ለመናገር እሷ ስትጠፋ በጣም ነው ያዘንኩት፣ አብራሪዎቿን በስም አውቃቸው ነበር።

አብራሪዎቹ በስም ናቸው ስል የምሬን ነው፣ እያንዳንዱ ልምዱ፣ ድካሙ፣ የቶርፒዶ ችሎታው፣ መርከብ በቦምብ የመምታት ችሎታው ተጽፏል። ካልረፉ ይደክማሉ፣ የደከመ ይስታል፣ ሲያርፍም ይከሰከሳል። ከሞተ የሚተካው ልጅ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው። ጃፓን የተሸነፈችበትን አንዱን ትልቅ ምክንያት ጓደኛዬ ከአሁኑ እያየው ነው፣ ካሪየር አልጠፋበትም፣ ግን ጎበዝ የሚባሉት የቶርፒዶ ልጆቹ እያለቁበት ነው፣ እና አሁን ማሠልጠኛ ላይ ነው ጊዜውን የሚያጠፋው፣ ጁን 1944 ፊሊፒን ሲ ላይ ጃፓን በአንድ ቀን ከ300 በላይ አውሮፕላን ያጣችው ለምን እንደሆነ ስለሚያውቅ። የርቀቱም ነገር እንደዛው ነው። የዛን ውጊያ ሁለተኛ ቀን አሜሪካኖቹ አመሻሽ ላይ በረጅም ርቀት ከ200 በላይ አውሮፕላን ልከው በጨለማ ሲመለሱ ወደ 80 የሚጠጋው ነዳጅ አልቆበት ባሕር ላይ ወርዷል ወይ ሲያርፍ ተሰባብሯል፣ አድሚራሉ መብራት አብሩ ባይል ከዛም ይብስ ነበር። ጌሙ ላይ ርቀቱን እስከ ጫፍ ስትለቀው ማታ ሪፖርቱ ላይ በጠላት ሳይሆን በጉዞና በማረፍ የጠፋው ለብቻው ይመጣልሃል፣ ያኔ ነው እጅህን የምትሰበስበው።

እሺ፣ የጎደለውን ደግሞ ልናገር፣ ምክንያቱም ትልቅ ነገር ነው የጎደለው። ሰዓት የለውም። ቀኑ የሌሊት፣ የጠዋት የአየርና የከሰዓት የአየር ክፍል ተብሎ ነው የተከፈለው፣ ጠዋቱ በሙሉ አንድ ድፍን ነገር ነው። የካሪየር ውጊያ ግን ከሁሉ በላይ የደቂቃ ነገር ነው። ሚድዌይን ውሰዱ፣ ጁን 4 1942፣ የጃፓኑ አድሚራል ናጉሞ ጋ አራት ካሪየር አለ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ15 ላይ ለመርከብ ያዘጋጀውን አውሮፕላን መሬት መምቻ ቦምብ ቀይሩለት አለ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ የጠላት መርከቦች ታይተዋል የሚል መልዕክት ደረሰው፣ መልሱት ተባለ፣ በዛ መሃል ሚድዌይን መትተው የመጡት ማረፍ አለባቸው፣ ጥበቃ ላይ ያሉት ዜሮዎች ወርደው ጥይትና ነዳጅ መሙላት አለባቸው፣ ሜዳው ደግሞ አንድ ነው፣ የሚነሳም የሚያርፍም እዛው ላይ ነው። ከ4 ሰዓት ከ20 በኋላ ዶንትለሶቹ ከላይ መጡ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሦስቱ የጃፓን ካሪየሮች፣ አካጊ፣ ካጋና ሶርዩ ነደዱ። ይሄ ጠዋት እዚህ ጌም ውስጥ የለም። ቶርፒዶ ወይስ ቦምብ የሚለውን ማታ ወስነህ ትተኛለህ፣ በመሃል ቀይሩ ማለት የለም፣ የመርከቡ ሜዳ ላይ ምን እንደተደረደረ አታይም፣ ለማስነሳት ወደ ነፋሱ መዞር አለብኝ ብለህ አታስብም።

ለዚህ ለዚህ ሩል ዘ ዌቭስ 3 ይሻላል፣ እሱ በ2023 የወጣ ነው፣ እሱም ግራፊክስ የለውም፣ ግን እዛ አውሮፕላኖቹን አዘጋጁ ብለህ ታዝዛለህ፣ እስኪዘጋጁ ደቂቃው ሲቆጥር ሆድህ እየተላወሰ ትጠብቃለህ። በሱ ፈንታ እዛ ያለው ጦርነት የራስህ ፈጠራ ነው፣ መርከቡንም የምትነድፈው አንተ ነህ፣ የእውነቱ የፓሲፊክ ጦርነት አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ጌም እኔ አላገኘሁም።

ሌላው ቅር የሚለኝ፣ ታስክ ፎርሱ የጠላት ካሪየር ሲሸተው አለቃው ደፋር ከሆነ ሳትጠይቀው ተነስቶ ወደዛ ይጠጋል። ሃሳቡ ልክ ነው፣ ደፋር አድሚራል አርፎ አይቀመጥም፣ ግን አንዳንዴ በየራሳቸው ያስኬድኳቸው ካሪየሮች አንዱ ይሄድና ሌላው ይቀራል፣ ለብቻው የሄደው ይበላል። መፍትሄው አለቃውን ሹመቱን ሳይሆን ጠባዩን እያየህ መምረጥና የመጠጋት ርቀቱን ዜሮ ማድረግ ነው፣ እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። የበተኑ ብዛትም አለ፣ አንድ ካሪየር ለማዘጋጀት ብቻ አራት አምስት ስክሪን ትከፍታለህ፣ ሳትለምደው ዓይንህን ያምሃል።

ገዝቶ መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምለው፣ በምንም ተዓምር በትልቁ ካምፔይን አይጀመር፣ እኛ እንደዛ ጀምረን የመጀመሪያዋን ቀን ትዕዛዝ ለመስጠት ብቻ ሳምንት ፈጅቶብናል። የጓዳልካናል ሲናሪዮ አለ፣ አጭር ነው፣ ካሪየርም አለበት፣ ከሱ ጀምሩ፣ ማኑዋሉንም ከመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን ከአየር ውጊያው ምዕራፍ አንብቡ። ብቻህን ከኮምፒዩተሩ ጋር ብትጫወትም ይሆናል፣ ግን ካሪየር ላይ ኮምፒዩተሩ ሰው አይሆንም፣ ዝናብ ስር ገብቶ አይጠብቅህም። የሚላላክህ ሰው ካገኘህ ግን፣ አሥር ውስጥ ስምንት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ሰዓቱ ቢኖረው አሥሩንም ነበር።

አሁን ኢንተርፕራይዝና ዮርክታውን ኒው ካሌዶኒያ ደሴት ላይ ካለው ወደብ ከኑሜያ በስተ ሰሜን ምዕራብ ናቸው፣ በየራሳቸው ታስክ ፎርስ፣ ቅኝቱን ከመቶ 30 አድርጌዋለሁ፣ ዴቫስቴተሮቹን በሙሉ አሳርፌያቸዋለሁ። ፍላሿን ትናንት ማታ ሻይ ቤት አስቀምጫት ጠዋት ሳልፍ የለችም፣ ወስዷታል።